የጠገራ ብር አረንጓዴ እድፍን ሳያሹ ማስለቀቅ

1780 የሚል ዓመት የታተመባቸው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብሮቼ በፒቪሲ ፕላስቲክ ከረጢት ለረጅም ጊዜ በመቀመጣቸው የሚያጣብቅ አረንጓዴ እድፍ ለብሰው ነበር። ፒቪሲ ሲያረጅ ማለስለሻ ቅባቱ ይወጣል፤ ከፕላስቲኩ የሚለቀቀው አሲድም በጠገራው ውስጥ ያለውን መዳብ ስለሚበላ፣ ይህ እድፍ ሳይውል ሳያድር መወገድ አለበት።

መፍትሔ የሆነኝ አሴቶን የተባለው ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ ኬሚካል፣ ያውም ንጹሑ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽቶና ዘይት ስለሚጨመርበት አይመከርም። መስኮት ከፍቼ፣ እሳት ከአካባቢው አርቄ፣ ብሮቹን ክዳን ባለው የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በአሴቶን ዘፍዝፌ አሳደርኳቸው፤ ከዚያም በአዲስ አሴቶን አለቅልቄ፣ ምንም ሳላሽ፣ ጠርዛቸውን ብቻ ይዤ በለስላሳ ጨርቅ ላይ አደረቅኳቸው። አረንጓዴው ሙሉ በሙሉ ለቀቀ።

አሴቶን ቅባትን፣ ሰምንና አንዳንድ ሙጫዎችን ያሟሟል እንጂ ብሩን አይነካም፤ ስለዚህ ከድኝ ከብር ጋር ተዋሕዶ የፈጠረውን ጥቁረት አያነሳም። ጥቁረቱ የዕድሜ ምስክር በመሆኑ እንዳለ መተዉን እመርጣለሁ። በሎሚና በአመድ መፈተግ ግን ነጋዴዎች እውነተኛነቱን ይለዩበት የነበረውን፣ በጠገራው ላይ በተቀረጸችው በንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ትከሻ ላይ ያለውን የዕንቁ ጌጥ ሳይቀር ስለሚያደበዝዝ እጅግ ያሳዝነኛል። አሁን የማስቀምጣቸው ፒቪሲ በሌለበት መያዣ ነው።