ሁለት ክር ብቻ፦ ክራርን ከትዝታ ሜጀር ወደ ማይነር ማዞር

ባለ ስድስት ክር ክራር ላይ ቅኝት ለመቀየር ሁሉንም ክር መፍታት አያስፈልግም። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ስድስተኛው ክር የዶ እጥፍ ነው። ሚንና ላን ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጉ ትዝታ ማይነር ይሆናል።

ዶ 261.6 ሄርዝ ከሆነ፣ በስልክ መቃኛ እያዩ ሚን ከ329.6 ወደ 311.1፣ ላን ከ440 ወደ 415.3 ያውርዱ። ሲያወርዱ ግን ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፈው ያላሉትና ቀስ እያሉ እያጠበቁ ይመለሱ። ከላይ ወርዶ እዚያው የቆመ ክር ጥቂት ሲገረፍ ይረግባል። ከዚያ የቀሩትን አራቱን ይፈትሹ፤ ክሮቹ የሚታሰሩበት አግድም እንጨት (ቀምበሩ) ላይ ያለው ጫና ስለቀነሰ ትንሽ ከፍ ብለው ያገኟቸዋል።

ሌላው ቅኝት፣ አምባሰል፣ ካማረዎት ከዚሁ ማይነር ይነሱ፦ ሬን ወደ 277.2 ያውርዱ፣ 311.1 ላይ ያለውን ክር ወደ 349.2 ይሳቡ። ይሄኛው ሙሉ ድምፅ ስለሚወጣ ያረጀ ክር ይበጥሳል።

ባሕር ዳር ላይ ዋናው ችግር ቆዳው ነው። በሐምሌና ነሐሴ፣ ወይም አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ሲጫወቱ፣ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይረግባል፤ ቆዳው ላይ ቆሞ ክሮቹን የሚሸከመው በርኩማ ዝቅ ይላል፣ ስድስቱም ክሮች አብረው ይወርዳሉ። ያኔ ለማጥበቅ አይቸኩሉ፤ በማግስቱ ቆዳው ሲደርቅ ተወጥሮ ክሩን ይበጥሰዋል። መጀመሪያ ደረቅ ጥላ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ቆዳውን ይሰነጥቀዋል።