ለኤጀንት የሰጣችሁት ሥራ ለምን ተበላሽቶ ይመለሳል? ችግርና መፍትሄ

ላለፉት ወራት አንድ ትንሽ የእቁብ መመዝገቢያ አፕ እየሠራሁ ነው። አባል ይመዘግባል፣ ዕጣ ያወጣል፣ ማን እንደከፈለና ማን እንደቀረበት ያሳያል። የምሠራው ብቻዬን ነው። ግን ክሎድ ኮድ (ኮድ የሚጽፈው የአንትሮፒክ የኤአይ መሣሪያ) ላይ አራት ንዑስ ኤጀንቶች፣ ማለትም የተሰጣቸውን ሥራ ራሳቸው የሚሠሩ የኤአይ ረዳቶች፣ አሉኝ። አንዱ ኮዱን ያስሳል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ሙከራ) ያዘጋጃል፣ አንዱ ደግሞ የተጻፈውን ይገመግማል። ከእኔ ጋር የሚያወራው ዋናው ኤጀንት ነው። ሥራውን ለአራቱ የሚያከፋፍለውም እሱ ነው።

ሲሳካ ደስ ይላል። ሳይሳካ ግን ጥፋቱ የት እንዳለ መፈለግ ያደክማል። እናንተ የተናገራችሁት ነገር ኮዱ ጋ እስኪደርስ በሁለት እጅ ያልፋላ! የገጠሙኝን ችግሮች ከምልክታቸው እየጀመርኩ ልንገራችሁ። አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከርክክቡ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሞዴል ለመቀየር ከመሮጣችሁ በፊት ርክክቡን እዩት።

ምልክት፦ ባለሙያው ኤጀንት ቁጭ ብሏል፣ ዋናው ኤጀንት ሁሉንም ራሱ ይሠራል

ገምጋሚ ኤጀንት አዘጋጅታችኋል። ግን ማንም አይጠራውም። ዋናው ኤጀንት ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ገምግሞ፣ «ጨርሻለሁ» ይላል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የመግለጫው መስመር ነው። እያንዳንዱ ንዑስ ኤጀንት አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው። ከላይ ስሙ፣ መግለጫው፣ የተፈቀዱለት መሣሪያዎችና የሚጠቀመው ሞዴል ይጻፋሉ። ከሥር መመሪያው ይቀጥላል። ዋናው ኤጀንት ማንን ልጥራ ብሎ ሲወስን የሚያየው መግለጫውን ነው። «ጎበዝ የኮድ ገምጋሚ» ብላችሁ ከጻፋችሁ መቼ እንደሚጠራ አልነገራችሁትም።

መፍትሄው መግለጫው ላይ ጊዜውን መጻፍ ነው። የእኔ አሁን እንዲህ ይላል፦ «የክፍያ ወይም የዕጣ ኮድ በተነካ ቁጥር፣ ኮሚት ከመደረጉ በፊት፣ ሳይጠየቅ ይጠራ።» ኮሚት ማለት ለውጡን በፕሮጀክቱ ታሪክ ላይ መመዝገብ ነው። ከዚያ ወዲህ ይጠራል። ካልተጠራም በስሙ ጥሩት፤ «ይህን ለገምጋሚው ስጠው» ማለት ይበቃል። ሁለት ኤጀንቶች ተቀራራቢ መግለጫ ካላቸው ደግሞ ዋናው ይምታታበታል። አንዱን አጥፉ። ፋይሉን በእጃችሁ ፈጥራችሁ ከሆነና ጭራሽ የማይታይ ከሆነ ሴሽኑን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት።

ምልክት፦ የመጣው ኮድ ሲያዩት ትክክል ነው፣ ግን ከእናንተ ሥራ ጋር አይገጥምም

ይህ ዋናው ችግር ነው። ብዙ ቀን የበላብኝም እሱ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከዋናው ኤጀንት ጋር ስለ ወርኃዊ እቁብ ረጅም ጊዜ አወራን። ጳጉሜ የክፍያ ወር እንዳልሆነች ነገርኩት። ደመወዝም ሆነ የቤት ኪራይ እንደ ወር እንደማይቆጥራት፣ እቁብተኛውም በዓመት 12 ጊዜ ብቻ እንደሚከፍል አስረዳሁት። ገብቶታል። ከሰዓት በኋላ «የክፍያ ቀናቱን የሚያወጣውን ክፍል አሠራ» አልኩት። እሱም ለጸሐፊው ኤጀንት አስተላለፈ። የተመለሰው ኮድ ንጹሕ ነበር። ስሞቹ ያምራሉ፣ ቴስት አለው። ስከፍተው ግን እያንዳንዱ አባል በዓመት 13 ክፍያ ተጥሎበታል።

ጸሐፊው ኤጀንት አልተሳሳተም። የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወር አለው፤ ይህን በደንብ ያውቃል። የማያውቀው የጠዋቱን ወሬያችንን ነው። ንዑስ ኤጀንት ሥራ ሲጀምር በባዶ ገጽ ይጀምራል። የራሱ ኮንቴክስት፣ ማለትም ሲሠራ የሚያየው ጽሑፍ፣ አለው። እናንተና ዋናው ኤጀንት የተባባላችሁት አብሮት አይሄድም። የሚደርሰው በዋናነት የራሱ መመሪያና ዋናው ኤጀንት ለዚያ ሥራ የጻፈለት መልእክት ነው። ያ መልእክት ምን ይል እንደነበር ወደ ኋላ ተመልሼ አነበብኩት። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወርኃዊ የክፍያ ቀናትን አመንጭ» ይላል። በቃ። በዚህ ትዕዛዝ እኔም ብሆን 13 አወጣ ነበር።

ስለዚህ ኮዱ ሲበላሽ መጀመሪያ የማነበው ኮዱን አይደለም። የተላከውን መልእክት አነባለሁ። ከዚያም ራሴን እጠይቃለሁ፤ ዛሬ ሥራ የጀመረ፣ ስለ ፕሮጀክቱ ምንም የማያውቅ ጎበዝ ልጅ ይህን ወረቀት ብቻ ብሰጠው ሥራውን ይሠራዋል? መልሱ «አይ» ከሆነ ጥፋቱ የርክክቡ ነው።

ማስተካከያው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የማይለወጡ የፕሮጀክቱ ሕጎች በአንድ ፋይል ይጻፉ። የእኔ ፋይል አጭር ነው። ጳጉሜ ክፍያ የላትም። ብር የሚቀመጠው በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ነው። ቀን ዳታቤዝ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ይቀመጣል፣ ለተጠቃሚው ሲታይ ብቻ ወደ እኛ ይቀየራል። የእያንዳንዱ ኤጀንት መመሪያ የሚጀምረው «መጀመሪያ ይህን ፋይል አንብብ» ብሎ ነው።

ሁለተኛው፣ ዋናው ኤጀንት ሥራ ሲያስተላልፍ መልእክቱ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ማዘዝ ነው። ሥራው ለምን እንዳስፈለገ፣ የትኞቹን ፋይሎች እንደሚነካና የትኞቹን እንዳይነካ፣ እስካሁን ምን እንደወሰንን፣ ምን ሲሆን አለቀ እንደሚባል፣ ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚመለስ። ብዙ ሰው «ለምን»ን ይዘላታል። እኔ ግን ከሁሉም የምትበልጥ እሷ ናት እላለሁ። ኤጀንቱ ያልተነገረው ነገር ሲገጥመው የሚገምተው ከዓላማው ተነስቶ ነው። «አባላት በየወሩ መቼ እንደሚከፍሉ እንዲያዩ» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ 13ኛው ክፍያ ቢያንስ ጥያቄ ያስነሳ ነበር።

ምልክት፦ «ሁሉም ቴስት አልፏል» ይላችኋል፣ አፑ ግን አይሠራም

እዚህ ጋ ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች አሉ። መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል።

አንዱ፣ ቴስቱ ራሱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ኤጀንት ቴስት ሲወድቅበት አንዳንዴ ኮዱን ትቶ ቴስቱን ያስተካክላል። ይህን ለማወቅ በበፊቱና በአሁኑ ፋይል መካከል ያለውን ልዩነት እዩት። የቴስት ፋይል ከተነካ ምክንያቱን ጠይቁ። የእኔ ጸሐፊ ኤጀንት አሁን የቴስት ፎልደሩን እንዳይነካ ታዟል።

ሌላው ረቀቅ ያለ ነው። ቴስት አዘጋጁ ኤጀንት ኮዱን አንብቦ ቴስት ከጻፈ፣ የጻፈው የኮዱን ቅጂ ነው። ኮዱ የተሳሳተውን ቴስቱም ይደግመዋል። በአባላት ስም ፍለጋ ላይ ገጥሞኛል። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች አባል «ጸሃይ» ተብላ ስትፈለግ አትገኝም። ኮዱ ሀ፣ ሃ፣ ሐ እና ኀን፣ ጸ እና ፀን አንድ አያደርግም ነበር። ቴስቶቹ በሙሉ አልፈዋል፤ ሁሉም ስሙን እንደተመዘገበው አድርገው ነበርና የሚፈልጉት። ለዚህ መድኃኒቱ ቴስት አዘጋጁ ኮዱን እንዳያይ ማድረግ ነው። የሚሰጠው የሥራው ዝርዝር ብቻ ይሁን። «ተጠቃሚው ስሙን በፈለገው ፊደል ቢጽፍ አባሉ ይገኛል» የሚለውን ያነበበ ኤጀንት «ጸሃይ»ን ራሱ ይሞክራታል።

ሦስተኛው፣ ቴስቱ ጭራሽ አልተካሄደም። ንዑስ ኤጀንቱ የሚመልሰው የመጨረሻ መልእክቱን ነው፤ ዋናው ኤጀንት በመንገድ ላይ የሆነውን አያይም። «አልፏል» ካለ «አልፏል» ብሎ ለእናንተ ያስተላልፋል። ስለዚህ ማስረጃ ጠይቁ። የትኛውን ትዕዛዝ አስኬደ፣ ምን ወጣለት፣ ስንት አለፈ፣ ስንት ወደቀ፤ እንዳለ ይለጠፍ። ከመርጅ በፊት (አዲሱን ኮድ ከዋናው ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት) ደግሞ ትዕዛዟን ራሳችሁ አንድ ጊዜ አስኪዱ። ደቂቃ አትፈጅም።

ምልክት፦ ሁለት ኤጀንቶች አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርሳሉ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ሎሚ ግን ተለያይቶ ይያዛል። አንድ ጋን ለሃምሳ ሰው ብታከፋፍሉት ይሰበራል። ኮድም ሁለቱም ዓይነት አለው።

ምክንያቱን ለማግኘት ሁለቱ ኤጀንቶች የነኩትን ፋይል አስተያዩ። አንድ ፋይል ላይ ከተገናኙ የሥራ አከፋፈሉ ስህተት ነበር። ፋይሉ የተለያየ ሆኖ አልገጥም ካለ ደግሞ ሁለቱም ያልተነገራቸውን ነገር በየፊናቸው ገምተዋል ማለት ነው። አንዱ የአባሉን መለያ በቁጥር አስቀምጦታል፣ ሌላው በጽሑፍ።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ማሰስና ማንበብ ጎን ለጎን ይሂድ፣ ምንም አይጎዳም። መጻፍ ግን በተራ ይሁን። የግድ አብረው መጻፍ ካለባቸው መጀመሪያ የሚገናኙበትን ቦታ፣ ማለትም የዳታውን ቅርጽና የፈንክሽኖቹን ስም፣ ራሴ ወስኜ እጽፋለሁ። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው በጊት ወርክትሪ (አንድን ፕሮጀክት በተለያዩ ፎልደሮች ጎን ለጎን ለመሥራት የሚያስችል መንገድ) የተለየ ፎልደርና ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) እሰጣቸዋለሁ። ግን ወርክትሪ የሚለየው ፋይሉን ብቻ ነው። ዳታቤዙ አንድ ከሆነ እዚያ ላይ ይጋጫሉ። ለየራሳቸው የሙከራ ዳታቤዝ ስጧቸው።

ምልክት፦ ያልተባለውን ነካ

ገምጋሚው እንዲያይ ነበር የተላከው፤ አስተካክሎ መጣ። ወይም ይባስ ብሎ የሙከራ ዳታውን አጠፋ።

መጀመሪያ የመሣሪያዎቹን መስመር እዩ። ክሎድ ኮድ ላይ ይህ መስመር ከሌለ ንዑስ ኤጀንቱ ዋናው ያለውን መሣሪያ ሁሉ ይወርሳል። ብዙዎቻችን ባዶ እንተወዋለን። ለገምጋሚ ማንበብና መፈለግ ይበቃዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የመጻፊያ መሣሪያ ከልክላችሁ ባሽ (የኮምፒውተር ትዕዛዞችን የሚያስኬደውን መሣሪያ) ከፈቀዳችሁለት አልከለከላችሁትም። በባሽ ፋይል መጻፍም ማጥፋትም ይቻላል። «አትቀይር» የሚለውን ቃል መመሪያው ውስጥ መጻፍ ጥሩ ነው፣ ግን አጥር አይደለም። አጥሩ የመሣሪያው ፈቃድ ነው። የእውነተኛ ተጠቃሚዎች ዳታቤዝ የይለፍ ቃል ደግሞ ኤጀንት በሚሠራበት ማሽን ላይ ጭራሽ አይኑር። የሰው የእቁብ ገንዘብ መዝገብ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ምልክት፦ ቶክኑ ያልቃል፣ ሥራው አያልቅም

አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በ2025 ስለራሱ የምርምር ሥርዓት ሲጽፍ፣ ኤጀንት ከተራ ቻት 4 እጥፍ ገደማ፣ ብዙ ኤጀንት ያለው ሥርዓት ደግሞ 15 እጥፍ ገደማ ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚቆጥርበት፣ ክፍያውም የሚሰላበት ቁራሽ) እንደሚፈጅ ገልጿል። በዚያው ጽሑፍ ላይ ከምርምር ይልቅ የኮድ ሥራ ጎን ለጎን ለመከፋፈል እንደማይመች ጠቅሷል። በዶላር ለምንከፍል ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ብክነቱ ከየት እንደሆነ ፈልጉ። አምስት መስመር ለመቀየር ኤጀንት ከላካችሁ፣ ኤጀንቱ ከመቀየሩ በፊት ፕሮጀክቱን እንደ አዲስ ያነባል። ያንን ዋናው ኤጀንት ራሱ ይሥራው። ጸሐፊውና ገምጋሚው ማለቂያ የሌለው መመላለስ ውስጥ ከገቡ፣ ገምጋሚው የሚያነሳው ሁሉ እኩል ስለሆነ ነው። «ገንዘብ የሚያሳስት፣ ዳታ የሚያጠፋ ወይም አፑን የሚያቆም ካልሆነ አታንሳ» በሉት፤ ዙሩንም በሁለት ገድቡ። የአሳሹ ኤጀንት ሪፖርት ረጅም ከሆነ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ብቻ ይዞ እንዲመለስ እዘዙ። ለአሰሳ ርካሹ ሞዴል ይበቃል። ለክፍያ ስሌት አይበቃም።

መመሪያውን በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ ለሚል፣ በአማርኛ ይሠራል። ግን አንድ ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የላቲን ፊደል ግን አንድ። ቶክኑም አብዛኛውን ጊዜ ይበዛል። እኔ ረጅሙን ቋሚ መመሪያ በእንግሊዝኛ ጽፌዋለሁ። እንደ «ዕጣ»፣ «ዙር»፣ «የእቁብ ዳኛ» ያሉትን ግን በአማርኛ ትቻቸዋለሁ፣ ሲተረጎሙ ትርጉማቸው ስለሚሸሽ።

አሁን ችግር ሲፈጠር የምሄድበት ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ የተላከውን መልእክት አነባለሁ። ቀጥሎ የመሣሪያ ፈቃዱን፣ ከዚያ የተነኩትን ፋይሎች አያለሁ። ሞዴሉን መጨረሻ ላይ። ትናንት ቴስት አዘጋጁን የሥራውን ዝርዝር ብቻ ሰጥቼ ስለ ጳጉሜ ቴስት እንዲጽፍ ላክሁት። ለ4 ሲካፈሉ 3 የሚተርፋቸውን ዓመታት፣ 2015ን እና 2019ን፣ ራሱ መርጦ ጳጉሜ 6 መኖሯን፣ ክፍያ ግን እንደሌላት የሚያረጋግጡ ቴስቶች ይዞ ተመለሰ። ሁለቱ ወደቁ። ኮዱ ጳጉሜ 6ን እንደ መስከረም 1 ይቆጥራት ነበር።