የተጎሳቆለ የአኳሪየም ዓሣ እንዲያገግም እንዴት ይደረጋል?

ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይም ይሁን ሰው ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ተንከባካቢ ያጣ አኳሪየም ወዲያው ያስታውቃል። መስታወቱ አረንጓዴ ይለብሳል፣ ውሃው ይጎድላል። ዓሦቹ ክንፋቸውን ሰብስበው ጥግ ይይዛሉ፣ አለዚያም ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። እንዲህ ያለ ገንዳ ሲረከቡ አብዛኞቹ ሰዎች ከማዘን የተነሳ በአንድ ከሰዓት ሁሉን ነገር ያጥባሉ፣ ውሃውን ሙሉ በሙሉ ይቀይራሉ፣ ምግብ ይበትናሉ። በማግስቱ ዓሦቹ ሞተው ይገኛሉ።

ለወራት ቆሻሻውን ችሎ የኖረ ዓሣ በንጹሕ ውሃ የሚሞትበት ምክንያት አለው። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣዋል። ውሃው ሳይቀየር ሲቆይ ደግሞ አሲዳማ ይሆናል፤ በአሲዳማ ውሃ ውስጥ አብዛኛው አሞኒያ ብዙም ወደማይጎዳው አሞኒየም ይለወጣል። አዲስ ውሃ በብዛት ሲጨመር አሲዱ በድንገት ይቀንስና ያ የተከማቸው አሞኒየም ተመልሶ መርዝ ይሆናል፣ ዓሣው የሚተነፍስበትንም ስንጥብ ያቃጥላል። ስለዚህ አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ቀስ ማለትን ነው።

የመጀመሪያው ቀን

የሞተ ዓሣና የበሰበሰ ቅጠል ካለ ያውጡ። የገንዳውን መብራት ያጥፉ፣ አንዱን ጎን በጨርቅ ይጋርዱ፤ የተጨነቀ ዓሣ ጨለም ያለ ቦታ ያረጋጋዋል። ምግብ አይስጡ። ከዚያ ትንሽ ቁጭ ብለው ዓሦቹን ይመልከቱ፤ ስንጥባቸው ቀልቷል? ክንፋቸው ተበልቷል? ጎናቸው ላይ እንደ ጨው ፍሬ ያለ ነጭ ነጥብ ወይም ጥጥ የመሰለ ነገር አለ? ያዩትን ይጻፉት፤ ከሳምንት በኋላ መሻሻሉን የሚለኩት በዚህ ነው።

ውሃውን መቀየር

በቀን ከአሥር እጅ አንዱን ብቻ ይቀይሩ። ገንዳው 60 ሊትር ከያዘ 6 ሊትር ማለት ነው። በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ከታች ከጠጠሩ መሐል ቆሻሻውን እየሳቡ ያውጡ፤ ጠጠሩን ግን በአንድ ቀን ሁሉንም አያንቀሳቅሱት። ከሳምንት ገደማ በኋላ መጠኑን ወደ አምስት እጅ አንድ ከፍ ያድርጉ፤ ዓሦቹ ሲያገግሙ በሳምንት አንድ ጊዜ ሩቡን መቀየር ይበቃል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በቀጥታ አይገባም። አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ክፍቱን 24 ሰዓት ሲያድር ክሎሪኑ ይተናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የጎንደር ሰፈሮች ብዙ ሰው በጀሪካን ያጠራቅማል። የተከደነ ጀሪካን ግን ክሎሪኑን አፍኖ ያቆየዋል፤ ወደ ባልዲ ገልብጠው ያሳድሩት። ውሃ አጋር የተጨመረበት ውሃ ለዓሣ አይሆንም፣ እሱም ክሎሪን ነው። ባልዲው ሳሙናና በረኪና ነክቶት የማያውቅ መሆን አለበት።

ፊልተሩ

ውሃውን የሚያጣራው የፊልተሩ ስፖንጅ ቢጠቁርም አይጣሉት። አሞኒያን ናይትራይት ወደሚባል ሌላ መርዝ፣ ናይትራይትን ደግሞ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ ነው፤ እንደገና ለመራባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ከገንዳው በወጣው ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይመልሱት።

መብራት ሲጠፋ ነገሩ ይከፋል። ውሃ ማንቀሳቀስ ያቆመ ፊልተር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር አጥተው ይሞታሉ። መብራቱ ለሰዓታት ከጠፋ ስፖንጁን አውጥተው ገንዳው ውስጥ ይተዉት። በየጊዜው በኩባያ ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከተገኘማ ይበልጣል።

አየርና ሙቀት

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ተመሳሳይ ሙቀት ካለው የቆላ ውሃ በአምስት እጅ አንዱን ያህል ያንሳል፤ የስንጥብ ጉዳት ላለበት ዓሣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአየር ፓምፑ ቀንና ሌሊት ይሥራ።

ጎልድፊሽ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል፣ ማሞቂያ አያስፈልገውም። ጉፒ፣ ሞሊና ኤንጀልፊሽ ግን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይፈልጋሉ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያለ ማሞቂያ አይዘልቁትም። ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ያህል ይበቃል። ሙቀቱን በቀን ከሁለት ዲግሪ በላይ አይጨምሩ። ውሃ ሲቀንሱ ማሞቂያውን ከሶኬት ይንቀሉት፤ እየጋለ ከውሃ ውጭ ከቀረ ይሰነጠቃል።

ምግብ፣ ጨው፣ መድኃኒት

ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ቁንጥር ምግብ በቀን አንድ ጊዜ ይስጡ። ዳቦና እንጀራ አይስጡ። ሆዱ የተነፋ ጎልድፊሽ ካለ ተቀቅሎ የተላጠ አረንጓዴ አተር ይረዳዋል።

ጨው ዓሣውን ከናይትራይት ይከላከልለታል። ለ10 ሊትር 10 ግራም በኩባያ በጥብጠው በቀን ውስጥ ከፋፍለው ያስገቡ። ጨው አይተንም፤ ከዚያ በኋላ የሚጨምሩት በወጣው ውሃ ልክ ብቻ ነው። ኮሪዶራስና ሌሎች ቅርፊት የሌላቸው ዓሦች ጨው አይወዱም፣ የውሃ ተክልም እንዲሁ።

ከመድኃኒት ቤት የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ገዝቶ ገንዳው ውስጥ መበተን ይቅር፤ የፊልተሩንም ባክቴሪያ ሊያጠፋ ይችላል። የተበላ ክንፍ ብዙ ጊዜ ውሃው ሲስተካከል ራሱ ያድጋል። ነጭ ነጥብ ግን ጥገኛ ተሕዋስ ስለሆነ የራሱን መድኃኒት ይፈልጋል። መድኃኒቱ የሚገድለው ከዓሣው ለቆ ውሃ ውስጥ የሚዋኘውን ብቻ ነው፤ ነጥቡ ጠፋ ብለው ወዲያው አያቋርጡ።

ማሳደግ ካልቻሉ ዓሣውን ለሚችል ሰው ይስጡ እንጂ ቀሐ ወይም አንገረብ ወንዝ ውስጥ አይልቀቁት። ሁለቱም በመገጭ ወንዝ በኩል ጣና ይገባሉ፤ ጣና ደግሞ ሌላ የትም የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው። ከገንዳው የሚወጣውን ውሃ ጨው እስካልገባበት ድረስ ለጓሮ አትክልት ያጠጡት፤ ናይትሬቱ ለጎመን ማዳበሪያ ነው።