ክር በመርፌ ማስገባት ሲያስቸግር

እናታችሁ ክር በመርፌ ለማስገባት ልጅ መጥራት ከጀመሩ፣ አባታችሁም ዳዊታቸውን አርቀው ይዘው የሚደግሙ ከሆነ አትደንግጡ። በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየጠነከረ ስለሚሄድ ቅርቡን ማጥራት ይከብደዋል። ብዙውን ጊዜ 40 ዓመት ገደማ ይጀምርና እስከ 60ዎቹ ይብሳል። ሩቁ ግን ደህና ሊታይ ይችላል። መንዝ ላይ ከሜዳው ማዶ የራሱን በግ የሚለይ ሰው የመድኃኒት ወረቀት ማንበብ የሚያቅተው ለዚህ ነው።

መፍትሔው የማንበቢያ መነጽር ነው። «መነጽር ዓይን ያደክማል» ሲባል አትስሙ፤ ብታደርጉትም ባታደርጉትም ሌንሱ መጠንከሩ አይቀርም። ስትመርጡ መጽሐፉን በለመዳችሁት ርቀት ያዙና አጥርተው ከሚያሳዩት መካከል ትንሹን ቁጥር ውሰዱ። ለጀማሪ ብዙ ጊዜ ፕላስ 1 ይበቃል። አድርጋችሁት ግን መንገድ አትሂዱ፣ በተለይ ቁልቁለት፤ ሩቁን ያደበዝዘዋል። ማታ ስታነቡ ደግሞ መብራቱ ከጎን ሆኖ ገጹ ላይ ይረፍ።

ከመግዛታችሁ በፊት ቢቻል ደብረ ብርሃን ሄዳችሁ አንዴ ዓይናችሁን ተመርመሩ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ በሽታ ብዙ ጊዜ ሳያም ነው የሚጎዳው፣ ተመርምሮ ካልሆነ አይታወቅም። እይታ በድንገት ከደበዘዘ ወይም ዓይን በኃይል ካመመ ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ በዚያው ቀን ሂዱ።