የተጨናነቀ ማረሚያ ቤትን እንዴት ማቅለል ይቻላል? ከፋይሉ ጀምሩ

የአዲስ አበባ ዳርቻ ላይ የምንኖር ሰዎች ከእስር ቤት ሩቅ አይደለንም። ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ፣ አባ ሳሙኤል ሰፈራችን ናቸው። እሁድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ስንቅ በፌስታል ቋጥራ፣ ወጡ እንዳይፈስባት እቅፍ አድርጋ የያዘች እናት አጠገባችን ትቀመጣለች። እነዚህ ሦስቱ እስር ቤቶች የፌዴራል ናቸው። ከተማዋን አልፋችሁ ኦሮሚያ ስትገቡ ግን ማረሚያ ቤቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው፤ በጀቱም፣ ቀለቡም፣ ጥበቃውም የሱ ጣጣ ነው። አንድ ቀን ኃላፊ ሆናችሁ ብትመደቡ፣ ምክር ቤት ገብታችሁ ብትጠይቁ፣ ወይም ወንድማችሁ ታስሮ «ሰው እንዴት እንዲህ ይታጎራል?» ብላችሁ ብትናደዱ ከየት እንደሚጀመር ላሳያችሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። መጨናነቅ መጀመሪያ የፋይል፣ ማለትም የእስረኛው ጉዳይ የተያዘበት መዝገብ ችግር ነው፤ የግንብ ችግር የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ፋይል ካልተንቀሳቀሰ አዲስ የሠራችሁት አዳራሽም በዓመቱ ጢም ይላል።

1. ለይታችሁ ቁጠሩ

ጠዋትና ማታ ቆጠራ የሌለበት እስር ቤት የለም። ያ ቆጠራ የሚነግራችሁ ግን ማንም እንዳላመለጠ ብቻ ነው። ደብተርም ይሁን ኤክሴል ክፈቱና ለእያንዳንዱ ሰው ጻፉ። የቀጠሮ እስረኛ ነው ወይስ የተፈረደበት? መቼ ገባ? ቀጣይ ቀጠሮው መቼ ነው? ዋስትና ተፈቅዶለት ብሩን አጥቶ ነው የተቀመጠው? አመክሮው መቼ ይደርሳል? ጠያቂ አለው? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ክፍሎቹን ለኩ። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በጋራ ክፍል ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.4 ካሬ ሜትር ይላል፣ አልጋው ያለበትን ቦታ ጨምሮ። 10 በ12 የሆነ አዳራሽ 120 ካሬ ነው፤ ስታካፍሉት 35 ሰው ይይዛል። እዚያ ውስጥ 90 ሰው ካደረ ተደራራቢ አልጋ ብታስገቡ ወለሉ ቀለል ይላል፣ አየሩ ግን ያው ነው።

2. የመግቢያና የመውጫውን ሒሳብ ሥሩ

ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ብዙ ኃላፊ ግን አይሠራውም። እንበል በወር 100 ሰው ይገባል፣ አንዱ በአማካይ 6 ወር ይቆያል። ግቢው ውስጥ ሁልጊዜ 600 ሰው አለ ማለት ነው። ቆይታው ወደ 4 ወር ቢወርድ 400 ይሆናል። አንድ ብሎኬት ሳትደረድሩ የ200 ሰው ቦታ አገኛችሁ። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ክፍል እንጨምር?» ከመሆኑ በፊት «ሰዉ ለምን ይሄን ያህል ይቆያል?» መሆን አለበት።

3. የተዘጉትን በሮች አንድ በአንድ ክፈቱ

ብዙ ሥራ ያለው እዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ ለምርመራ የሚሰጠው አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ያዛል። ሕጉ አለ። ችግሩ ያለው መኪናው ላይ ነው። መኪና ተበላሸ፣ ነዳጅ አለቀ፣ አጃቢ ጎደለ ተብሎ ተከሳሹ ሳይቀርብ ይቀራል፣ ዳኛው ለሌላ ወር ይቀጥራሉ፣ ሰውየውም አንድ ወር ሙሉ በከንቱ ታሰረ። ስለዚህ በመቅረት የተዛወረ ቀጠሮን ለብቻው መዝግቡት፤ ምክንያቱም ይጻፍ። በየሳምንቱ ሰኞ ያን ዝርዝር ይዛችሁ ከዐቃቤ ሕጉና ከፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ጋር ተቀመጡ። ለአጭር ቀጠሮ ፕላዝማ (ከማረሚያ ቤቱ ሳይወጡ በቪዲዮ ችሎት መቅረብ) የሚቻል ከሆነ ተጠቀሙበት። ካልሆነም ዳኞች ማረሚያ ቤቱ ድረስ መጥተው እንዲያስችሉ ጠይቁ፤ ሃምሳ ሰው ከማመላለስ ሦስት ሰው ማምጣት ይቀላል።

ቀጥሎ የዋስትናው ዝርዝር አለ። ዋስትና ተፈቅዶለት ብሩን ስላጣ ብቻ የተቀመጠ ሰው አደገኛ አይደለም፣ ደሃ ነው። ስሙን ለይታችሁ ለተከላካይ ጠበቃ ስጡ፣ ገንዘቡ እንዲቀነስ ያመልክትለት። አንዳንዱ ደግሞ ብር እያለው ለቤተሰቡ የሚያስታውቅለት አጥቶ ነው የሚቀመጠው። ይሄ በአንድ ስልክ ያልቃል።

አመክሮም እንዲሁ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ፣ በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ያሳየ፣ ያደረሰውን ጉዳት የሚቻለውን ያህል የካሰ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ሐሳቡን ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ማረሚያ ቤቱ ነው። ቀኑ ደርሶ ፋይሉ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ከተኛ ሰውየውን እያሰራችሁት ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ከሦስት ወር በፊት ማዘጋጀት ጀምሩ።

4. ውኃ፣ አየር፣ ቁልፍ

ለመጠጥም ለመታጠቢያም ለሽንት ቤትም በድምሩ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። ለ600 ሰው በ15 ሊትር ስታሰሉት 9 ሺህ ሊትር ነው፣ ማለትም ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ በየቀኑ ሊሞላ ይገባል። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ አንድ ሮቶ አይበቃችሁም። ሽንት ቤት ቢያንስ ለ25 ሰው አንድ።

መስኮት በጨርቅና በካርቶን እንዳይደፈን አድርጉ። ብርድ ነው ይሏችኋል፣ እውነትም የነሐሴ ሌሊት ይበርዳል፤ ብርድ ልብስ ጨምሩ እንጂ አየሩን አትዝጉ። ቲቢ የሚወደው የተዘጋ ክፍል ነው። አዲስ የገባ ሁሉ መጀመሪያ ነርስ ይየው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለ ሰው አክታው ይመርመር። ተስቦ (ታይፈስ) እና ግርሻ በልብስ ቅማል ነው የሚዛመቱት፤ ሳሙናና የልብስ ማጠቢያ ቀን የሕክምና ወጪን ያተርፋሉ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁልፍ። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ቂሊንጦ ሲቃጠል መንግሥት 23 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል፤ አብዛኞቹ በመረጋገጥና በጭስ በመታፈን እንደሞቱ ነው የተነገረው። እያንዳንዱ ተረኛ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ቁልፉን በዳሰሳ አግኝቶ በሩን መክፈት መቻል አለበት። ልምምዱን አድርጉት።

5. ጠያቂ የሌለውን አትርሱ

የመንግሥት ቀለብ ስስ ነው፤ ቀሪውን የሚሞላው የቤተሰብ ስንቅ ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ ኮንስትራክሽን ላይ ሲሠራ የታሰረ ልጅ ግን ስንቅ የሚያመጣለት የለውም። ሳሙናም የለው፣ ቅያሪ ልብስም የለው። ቀን ቀን የሌላውን ልብስ ያጥባል፣ ማታ ሽንት ቤቱ አጠገብ ይተኛል። በመጀመሪያው ደብተር ላይ «ጠያቂ የለውም» ብላችሁ የጻፋችሁለት እሱ ነው። ሳሙና ስታድሉ ከሱ ጀምሩ፣ ዳቦ ቤቱም ሽመናውም ሥራ ሲከፍት ቅድሚያ ስጡት፣ በወር አንዴ በማረሚያ ቤቱ ስልክ ቤቱ ይደውል። የመኝታ ቦታን ደግሞ ለክፍሉ አለቃ፣ ካቦ ለሚባለው እስረኛ፣ አትተዉ። እስረኛ በእስረኛ ላይ የቅጣት ሥልጣን እንዳይሰጠው የማንዴላ ደንቦች፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ ደንቦች፣ በግልጽ ይከለክላሉ፤ ካቦ ቦታ መሸጥ የሚጀምረው እናንተ ዞር ያላችሁ ቀን ነው።

6. ጥበቃውን እንደ ሰው አስቡት

አንድ የማማ ጥበቃ ቦታ በሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንድ ሰው በሳምንት 48 ሰዓት ቢሠራ 3.5 ሰው ይፈልጋል፤ የዓመት ፈቃድ፣ ሕመም፣ ሥልጠና፣ ለቅሶ ሲጨመር ከ4 እስከ 5 ይደርሳል። በጀት ስትጠይቁ ይሄን ሒሳብ ይዛችሁ ግቡ፣ «ሰው አነሰን» ብቻ ማንም አይሰማም። በሦስት ሰው እየተሸፈነ ያለ ቦታ ላይ አንዱ ሲታመም ሌላው 24 ሰዓት ይቆማል። ያ ሰው ነው በሚቀጥለው ቀን በትንሽ ነገር እጁን የሚያነሣው።

ዳርቻ ላይ ደግሞ ትራንስፖርት አለ። ሌሊት 11 ሰዓት ታክሲ የለም። ሰርቪስ አዘጋጁ ወይም የፈረቃውን ሰዓት ታክሲ ወዳለበት ግፉት። የሴቶች ክፍል ጥበቃ ሴት ትሁን፣ ወንድ ብቻውን አይግባ። ከእናቶቻቸው ጋር ያሉ ሕፃናት ወተትና ክትባት በቀለቡ በጀት ውስጥ በስም ይያዝላቸው።

የቅሬታ ሣጥኑ ቁልፍ ዋርድያው ኪስ ውስጥ ካለ ማንም አይጽፍም። ቁልፉን ከጥበቃው ውጭ ላለ ሰው ስጡ። የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሰዎች ሲመጡም ከእስረኛ ጋር ብቻቸውን ያውሩ።

7. የመፍቻውን ቀን አደራጁ

የመፍቻ ትእዛዝ በደረሰበት ቀን ይፈጸም። መታወቂያውና ንብረቱ ቀድሞ ይዘጋጅ፣ ቤተሰቡ ይደወልለት፣ የመሳፈሪያ ብር ይሰጠው። ትእዛዙ አመሻሽ ላይ ከመጣና አገሩ ሩቅ ከሆነ ያን ማታ የሚያድርበት ተፈልጎለት ይውጣ፤ ወለጋ የሚሄድ ሰው በዚያ ሰዓት አውቶቡስ አያገኝም። ስሙን ከደብተሩ ስትሰርዙ የገባበትንና የወጣበትን ቀን አስሉና የቆይታውን ርዝመት ጻፉ። የሚቀጥለው ሰኞ ስብሰባ የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር ነው።