ከካሬው ፕሮጀክተር ወደ ሰፊው ምስል፦ የቤት ሲኒማችሁን እንዴት ትቀይራላችሁ?

ብዙዎቻችን የቤት ሲኒማ የጀመርነው ከቢሮ በወጣ ፕሮጀክተር ነው። ለስብሰባ ተብሎ የተሠራ፣ ጀርባው ላይ የቪጂኤ መሰኪያ ያለው፣ 1024 በ768 ፒክስል የሆነው ዓይነት። እኔም እንደዚያው ነኝ። መብራት አጥፍተን ሳሎን ግድግዳ ላይ የመጀመሪያውን ፊልም ያየንበት ምሽት እስካሁን አይረሳኝም። ወራት ሲያልፉ ግን ከምስሉ በላይና በታች ያለው ባዶ ቦታ ዓይኔን ይይዘው ጀመር። ጥቁር ነው ይባላል እንጂ ጥቁር አይደለም፤ ግራጫ ብርሃን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮዎቹ ፕሮጀክተሮች የምስላቸው ቅርጽ 4 በ3 ነው፤ ስፋቱ 4 ከሆነ ቁመቱ 3፣ ወደ ካሬ የሚጠጋ። የዛሬው ቴሌቪዥን፣ የኳስ ስርጭቱ፣ ዩቲዩቡ 16 በ9 ነው። 16 በ9 የሆነ ምስል 1024 በ768 በሆነ ማሽን ስታዩ የሚሠሩት 1024 በ576 ፒክስሎች ብቻ ናቸው። ሩቡ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ከብርሃኑም ሩቡ ይባክናል። ብዙ የሲኒማ ፊልሞች ደግሞ ከዚያም ይሰፋሉ። ስፋታቸው የቁመታቸውን 2.39 እጥፍ ይሆናል። እነሱን በካሬው ማሽን ስታዩ ከ40 በመቶ በላዩ ባዶ ነው። ሲኒማ ቤቶች ወደ ሰፊ ምስል የሄዱት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ቴሌቪዥን ተመልካቹን ቤቱ ማስቀረት ሲጀምር ነበር። ዛሬ ያንን ስፋት ሳሎናችን ውስጥ ማምጣት እንችላለን። ቅደም ተከተሉን ከጠበቅን ማለቴ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ማሽኑን ይገዛል፤ ግድግዳውን የሚለካው በኋላ ነው። እናንተ ከግድግዳው ጀምሩ።

አንደኛ፦ ግድግዳውን ለኩ

ሰፊ ፕሮጀክተር ገዝቶ "ምስሉ አነሰብኝ" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እውነቱን ነው። ከጥግ እስከ ጥግ 100 ኢንች የሆነ የ4 በ3 ስክሪን 203 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 152 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። አዲሱን ምስል በዚያው በ203 ስፋት ላይ ብታሳርፉት ቁመቱ 114 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ ወደ 92 ኢንች ወረደ ማለት ነው። ለድሮ የ4 በ3 ቪዲዮማ ይብስበታል። ወደ ጎን ካልሰፋችሁ አላደጋችሁም።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን ምረጡ። ወይ ስፋቱን እንዳለ ትይዛላችሁ፣ ወይ ቁመቱን ይዛችሁ ጎኑን ትጨምራላችሁ። ቦታ ካለ እኔ ሁለተኛውን እመክራለሁ። 152 ሴንቲ ሜትሩን ቁመት ይዛችሁ ወደ 16 በ9 ስትሄዱ ስፋቱ 271 ይደርሳል፤ ይኸውም 122 ኢንች ነው። የለመዳችሁት ምስል ሳይቀንስ በግራና በቀኝ ይከፈታል። የሰፊ ምስል ደስታው ይኼ ነው።

ግን 271 ሴንቲ ሜትር ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን ጥቂት ነው። በር አለ፣ መስኮት አለ፣ ቡፌ አለ። ለብዙ ኮንዶሚኒየም ቤት መካከለኛው መንገድ የ16 በ9 100 ኢንች ነው፤ 221 በ125 ሴንቲ ሜትር።

ሜትር ያዙና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉ። አራቱንም ጎን። ለሁለት ለሦስት ቀን እዚያው ተዉት። በሩ ሲከፈት ይነካዋል? ሶፋው ላይ ስትቀመጡ አንገታችሁ ቀና ይላል? ዓይናችሁ የሚያርፈው ከምስሉ ታችኛ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ለ221 ሴንቲ ሜትር ስፋት ከ3 እስከ 4 ሜትር ርቆ መቀመጥ ምቹ ነው። ከ3 በታች ከሆነ ዓይን ከጥግ ጥግ መሮጥ ይጀምራል።

ሁለተኛ፦ ማሽኑ የት ይቀመጣል?

እያንዳንዱ ፕሮጀክተር ትሮው ሬሾ የሚባል ቁጥር አለው። ከሌንሱ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ለምስሉ ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ነው። እናንተ ደግሞ ገልብጣችሁ ተጠቀሙበት፦ ስፋቱን በቁጥሩ አባዙ። ቁጥሩ 1.5 ከሆነ 2.21 ሲባዛ በ1.5፣ 3 ሜትር ከ32 ይመጣል። ቁጥሩ 1.2 ከሆነ 2 ሜትር ከ65 ይበቃል።

ርቀቱ የሚለካው ከሌንሱ ነው። ከማሽኑ ጀርባ እስከ ግድግዳ ደግሞ ለገመድና ለአየር ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ተዉ። ሳሎናችሁ 3 ሜትር ተኩል ከሆነ በ1.5 ያለውን ማሽን አትግዙ፤ በወረቀት ላይ ይገባል፣ በቤት ውስጥ አይገባም።

ሦስተኛ፦ ማሽኑን መምረጥ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ገንዘብ የሚበላው እዚህ ነው።

በየሱቁ ርካሽ የኤልኢዲ ፕሮጀክተር ሞልቷል። ካርቶኑ ላይ "1080"፣ አንዳንዴም "4ኬ" ይላል። ብዙ ጊዜ ይህ ማለት ማሽኑ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ይቀበላል ማለት ነው እንጂ ያሳያል ማለት አይደለም። ተቀብሎ አሳንሶ ነው የሚያወጣው። የራሱ ፒክስል 800 በ480 የሆነ ብዙ አለ። ይኼ ከድሮው የቢሮ ማሽናችሁ ያነሰ ነው! ስለዚህ ሻጩን "ኔቲቭ ሪዞሉሽኑ ስንት ነው?" በሉት። ለቤት ሲኒማ 1920 በ1080 ፈልጉ። 1280 በ800 የሚል ካያችሁ 16 በ10 ነው፤ ሰፊ ቢሆንም ለቢሮ የታሰበ፣ ለፊልም ከላይና ከታች ትንሽ የሚያስተርፍ። በጥሩ ዋጋ ከተገኘ አይጣልም።

በቃል ብቻ አትመኑ። ፍላሽ ላይ ትንንሽ ጽሑፍ ያለበት ምስል፣ 1920 በ1080 የሆነ፣ ይዛችሁ ሂዱ። አስከፍቱትና ቀርባችሁ አንብቡ። ፊደሎቹ ጠርዛቸው ከተጨማለቀ መልሱን አገኛችሁ።

ብርሃንም እንደዚሁ ነው። የምትፈልጉት "ኤኤንኤስአይ ሉመን" የሚለውን ነው፤ በታወቀ መመዘኛ የተለካ የብርሃን መጠን ማለት ነው። ዝም ብሎ "9000 ሉመን" የሚል ርካሽ ማሽን ካያችሁ እለፉት። ሲኒማ ቤቶች የሚመሩበት የብርሃን ልክ በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ ነው። ለ100 ኢንች ምስል፣ ፍጹም ጨለማ በሆነ ክፍል፣ ተራ ነጭ ስክሪን ላይ ሲሰላ ከ500 እውነተኛ ሉመን አይበልጥም። የአምፖል ዕድሜ የሚባለው ብርሃኑ በግማሽ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ስለሆነ እጥፉን ያዙ፤ 1000። መጋረጃችሁ ስስ ከሆነ ወይም ኳስ በቀን የምታዩ ከሆነ 2500 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋችኋል። ወፍራም መጋረጃ መስፋት ግን ብዙ ጊዜ ከማሽን ልዩነቱ ይረክሳል።

ያገለገለ ስትገዙ ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ የአምፖሉን ሰዓት እዩ። የተለመደው አምፖል ከ2000 እስከ 5000 ሰዓት ይሠራል። ሰዓቱ ዜሮ አካባቢ ሆኖ ማሽኑ የተጎሳቆለ ከሆነ ጠይቁ፤ ቁጥሩ በሪሞት ወደ ዜሮ ይመለሳል። ሌዘር የሆኑት 20,000 ሰዓት ያህል ይሄዳሉ፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው። የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ከሚያብረቀርቅ ርካሽ አዲስ ይልቅ በደንብ የተያዘ ያገለገለ የ1080 የቤት ሲኒማ ማሽን ይሻላል።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣላችሁ ካለ ጀርባው ላይ "100–240" ቮልት የሚል መጻፉን አስቀድመው ያረጋግጡላችሁ። አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው።

አራተኛ፦ የድሮውን ስክሪን አትጣሉት

ስፋቱ ከበቃችሁ የድሮው ስክሪን ይሠራል። ከታች የሚተርፈውን ቦታ በጥቁር ከፋይ ጨርቅ ሸፍኑት። ከፋይ ብርሃን ይውጣል፤ ግራጫው ቦታ ይጠፋና ምስሉ ራሱ የደመቀ ይመስላል። በጣም ትንሽ ወጪ ነው፣ ለውጡ ግን ያስገርማል። ካልበቃችሁ ግድግዳውን በደንብ አስለስኑና የማያብለጨልጭ ነጭ ቀለም አስቀቡት። ዙሪያውን አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ጥቁር ከፋይ አድርጉለት።

አምስተኛ፦ መስቀል

ኮርኒሱን አንኳኩ። ስላቡ ኮንክሪት ከሆነ በትራፓኖ ቀዳችሁ ፊሸር አስገቡና በብሎን እሰሩት። ቺፕውድ ወይም የአቡጀዴ ኮርኒስ ከሆነ ግን አይሸከምም። ከበላዩ ያለውን አጣና ፈልጉና እሱ ላይ እሰሩ። ካልሆነ ከሶፋው ጀርባ ጠንካራ መደርደሪያ ይበቃል።

ከግራና ከቀኝ ሲለካ ሌንሱ ከምስሉ መሐል ትይዩ ይሁን። ውሃ ልክ ተጠቀሙ። ምስሉ ትንሽ ከተጣመመ ብዙዎች ወዲያው ኪይስቶን የሚባለውን የቅርጽ ማስተካከያ ይነካሉ። እባካችሁ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ኪይስቶን ምስሉን የሚያስተካክለው ፒክስሎችን በመጣል ነው፤ ገንዘብ የከፈላችሁበት ጥራት እዚያ ይቀራል። ሌንስ ሺፍት (ማሽኑ ሳይነቃነቅ በሌንሱ ምስሉን የሚያንቀሳቅስ) ያለው ማሽን ከሆነ በእሱ አንቀሳቅሱ፣ ምንም አይቀንስም። ከሌለው ማሽኑን ራሱን ከፍና ዝቅ አድርጉ። ገልብጣችሁ ከሰቀላችሁት ሜኑው ውስጥ የኮርኒስ አማራጩን ምረጡ።

ስድስተኛ፦ ገመድ

የቪጂኤውን ገመድ ለድሮው ማሽን ተዉለት። ኤችዲኤምአይ ግዙ። የቅጂ መከላከያ ያለበት ቪዲዮ በቪጂኤ መቀየሪያ በኩል ብዙ ጊዜ አይወጣም። እስከ 5 ሜትር ተራው ገመድ ችግር የለበትም። ከ10 ሜትር በላይ ከሆነ ኦፕቲካል የሚባለውን ያዙ። እሱ ራስና ጅራት አለው፤ በግድግዳ ውስጥ ከመቅበራችሁ በፊት የትኛው ጫፍ ወደ ፕሮጀክተሩ እንደሚሄድ አንብቡ፣ ሞክሩትም።

ሰባተኛ፦ መብራትና ከፍታ

ይኼ ለኛ አገር የግድ ነው። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ሲጠፋ ማራገቢያው ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይሽከረከራል፤ የጋለውን አምፖል ያበርዳል። መብራት ድንገት ሲሄድ ግን ሁሉም አንዴ ቀጥ ይላል። አምፖሉ በሙቀቱ ይታፈናል። እኔ የመጀመሪያ አምፖሌን ሰዓቱ ሳይሞላ ነው የጣልኩት፤ በአንድ ክረምት ስንቴ እንደጠፋብኝ አልቆጥረውም። ከዚያ በኋላ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) አደረግሁ። ፊልሙን ለመጨረስ አይደለም። ማሽኑን በሪሞት አጥፍቶ እስኪበርድ ለመጠበቅ ነው። ፕሮጀክተሩ ስንት ዋት እንደሚፈልግ ጀርባው ላይ እዩና ከዚያ የሚበልጥ ዩፒኤስ ግዙ። መብራት ሲመለስም ወዲያው አታብሩት።

ከፍታውን ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ቀጭን አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ለዚህ ነው ብዙ ፕሮጀክተሮች ሜኑ ውስጥ "ሃይ አልቲትዩድ" የሚል አማራጭ ያላቸው፤ ብዙ ጊዜ ከ1500 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ይታዘዛል። ባሕር ዳርም ሐዋሳም ከዚያ በላይ ናቸው። ድሬዳዋ አያስፈልጋትም። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሲሠራ የነበረ ማሽን ወደ አዲስ አበባ ይዛችሁ ከመጣችሁ ይህን አማራጭ በመጀመሪያው ቀን አብሩት። የማራገቢያው ድምፅ ይጨምራል። ስለዚህ ማሽኑን በቀጥታ ከጭንቅላታችሁ በላይ አትስቀሉት። የአየር ማጣሪያውንም በየሁለት ወሩ ከአቧራ አጽዱ።

የመጨረሻው፦ አስፔክት

ሁሉም ከተሰካ በኋላ ሪሞቱ ላይ "አስፔክት" (የምስሉ ቅርጽ) የሚለውን ተጫኑና "ኦቶ" ላይ አድርጉት። የጽሑፉ ጠርዝ ወይም የኳሱ ውጤት የተቆረጠ ከመሰላችሁ የምስሉን ጠርዝ የሚቆርጠውን ኦቨርስካን የሚለውን ዜሮ አድርጉ። የምስሉን ዓይነት "ሲኒማ" ላይ አስቀምጡ። መጀመሪያ ቢጫ ይመስላችኋል፤ ሁለት ምሽት ስጡት፣ የሰው ቆዳ ትክክለኛ ቀለሙን ሲይዝ ታያላችሁ።

ሰፊ ማሽን ያገኘ ሰው ሁሉንም ነገር ዘርግቶ ማየት ያምረዋል። የድሮ የሠርግ ቪዲዮዎች ግን 4 በ3 ናቸው። "ፉል" ላይ አድርጋችሁ ስትዘረጓቸው ሙሽራዋ ትወፍራለች፣ ሚዜዎቹ ያጥራሉ። "4 በ3" የሚለውን ምረጡ፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሁን። እናቴ ካሴቱን ወደ ፍላሽ አስገልብጠን የራሷን ሠርግ ስናሳያት፣ እኔ እንደ ሞኝ ዘርግቼው ነበር። "ይኼ ማነው?" አለች አባቴን እያየች። ወደ 4 በ3 ስመልሰው ዝም አለች፤ ከዚያ "እንዲህ ነበረ እንጂ" አለችና እስከ መጨረሻው አልተነሳችም።