የዩኒቨርሲቲ አካውንታችሁን ለሌላ ሰው አሳልፈው የሚሰጡ ስህተቶች

ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን አገልግሎታቸውን በአንድ መግቢያ ስላያያዙት ኢሜይሉም፣ ውጤቱም፣ የኮርስ ምዝገባውም፣ የቤተ መጻሕፍቱ ዳታቤዝም፣ ዋይፋዩም፣ ለሠራተኛ ደግሞ የደመወዝ መረጃው ጭምር የሚከፈተው በአንድ ፓስወርድ ነው። ሰው ግን ሲጨነቅ የሚታየው ፓስወርዱ መጨረሻ ላይ ቃለ አጋኖ ስለማስገባቱ ነው። አካውንት የሚዘረፈው በአብዛኛው በሌላ በኩል ነው።

ያንኑ ፓስወርድ ሌላ ቦታ መጠቀም

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚዘወተረውም ይኸው ነው። ተማሪው ማስታወሻ የሚያወርድበት ወይም የተማሪ ቅናሽ የሚያገኝበት ድረ ገጽ ላይ በዩኒቨርሲቲ ኢሜይሉ ይመዘገባል፤ ፓስወርድ ሲጠየቅ ደግሞ እጁ የለመደውን ይጽፋል። ያ ድረ ገጽ የተዘረፈ ዕለት ሌቦቹ እጅ የሚገባው ፓስወርዱ ብቻ አይደለም። አብሮት የተቀመጠው ኢሜይል የሚያልቀው በዩኒቨርሲቲው ስም ስለሆነ ፓስወርዱ የት እንደሚሞከር ራሱ ይናገራል። ሙከራውም በሰው እጅ የሚደረግ አይደለም፤ የተሰረቀውን ዝርዝር በየመግቢያው የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው የሚሠራው።

ትልቅ ኩባንያ መሆን ከዝርፊያ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊንክድኢን የተሰረቀው መረጃ በ2016 ለሽያጭ ሲቀርብ የ117 ሚሊዮን ያህል አካውንቶች ኢሜይልና ፓስወርድ ነበረበት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ድሮፕቦክስ በዚያው በ2012 ለደረሰበት ጥቃት በር የከፈተው፣ አንድ ሠራተኛው ከሌላ ድረ ገጽ የተሰረቀ ፓስወርዱን ለሥራ አካውንቱም ይጠቀምበት ስለነበር ነው።

«ያንኑ አይደለም፣ መጨረሻው ላይ ቁጥሩን ቀይሬዋለሁ» የሚለው መልስ አያድንም። የፓስወርድ መስበሪያ ፕሮግራሞች ቀድመው የሚሞክሩት ይህንኑ ነው፦ የመጀመሪያውን ፊደል ትልቅ ማድረግ፣ ዓመተ ምሕረት መቀጠል፣ የእንግሊዝኛውን «O» በዜሮ መተካት። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲው የትም የማይደገም ፓስወርድ ይኑራችሁ፤ የቀሩትን ሁሉ ፓስወርድ ማኔጀር፣ ማለትም ፓስወርድ የሚፈጥርና የሚያስቀምጥ ፕሮግራም፣ ያመንጭላችሁ፤ ርዝመቱንም 20 ፊደል ላይ አድርጉት። ከማኔጀሮቹ ቢትዋርደንም ኪፓስኤክስሲም በነፃ ይገኛሉ። ኪፓስኤክስሲ ሁሉንም የሚያስቀምጠው ኮምፒውተራችሁ ላይ ባለ አንድ ፋይል ውስጥ ስለሆነ የፋይሉን ቅጂ ሌላ ቦታ ሳታስቀምጡ አትደሩ። ኢሜይላችሁ በየትኛው ዝርፊያ ውስጥ እንደወጣ ለማወቅ ደግሞ ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ (Have I Been Pwned) የተባለው ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ተመልከቱ።

አጭሩን በምልክት ማስጌጥ

የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) በ2017 ባወጣው መመሪያ ተቋማት ፊደል ከቁጥርና ከምልክት የማደባለቅ ግዴታንም፣ ያለ ምክንያት በየጊዜው የማስቀየር ልማድንም እንዲተዉ፣ ርዝመት ላይ እንዲያተኩሩና የተመረጠውን ፓስወርድ ቀድሞ ከተዘረፉት ጋር እንዲያመሳክሩ መክሯል። በቃላችሁ መያዝ ያለባችሁ ሁለት ብቻ ናቸው፤ የማኔጀሩና የዩኒቨርሲቲው። ለእነዚህ የዳይስዌር ዘዴ ይሻላል። ዳይሱን አምስት ጊዜ ጣሉት፤ የወጣውን ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር 7,776 ቃላት ባሉት ዝርዝር ውስጥ ፈልጉና ቃሉን ያዙ፤ ይህን አምስት ጊዜ ደጋግሙት። ሊገኙ የሚችሉት ጥምረቶች ብዛት 28 ተጽፎ 18 ዜሮ ይከተለዋል። ቃላቱን ራሳችሁ አትምረጡ። ሰው ሲመርጥ የሚመጣለት የሚወደው ስም ወይም ጥቅስ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በመስበሪያ ፕሮግራሞቹ ዝርዝር ውስጥ ገብተው ያለቁ ናቸው።

በግዕዝ ፊደል መጻፍ የምትመርጡ ካላችሁ ሁለት ነገር እወቁ። የላቡ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ካልተጫነ መግባት አትችሉም። ሌላው፣ ብዙ ሥርዓቶች ፓስወርድ ለማስቀመጥ የሚጠቀሙበት ቢክሪፕት የሚያነበው እስከ 72 ባይት ብቻ ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ከ24ኛው ፊደል በኋላ የጻፋችሁት ላይቆጠር ይችላል።

የመታወቂያ ቁጥርንና የልደት ቀንን እንዳለ መተው

መጀመሪያ የተሰጣችሁ ፓስወርድ የመታወቂያ ቁጥራችሁ ወይም የልደት ቀናችሁ ከሆነ ለመገመት ቀላል ነው፤ በዚያው ቀን ቀይሩት። በ1988 አንድ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በራሱ የሚዛመት የሞሪስ ትል የተባለ ፕሮግራም፣ ፓስወርድ ይገምት የነበረው በዋናነት ከተጠቃሚው የራሱ ስምና 432 ቃላት ካሉት አጭር ዝርዝር ነበር፤ ያም ሆኖ ብዙ አካውንት ከፍቷል።

የመግቢያ ገጹን መልክ ማመን

አርማውና ቀለሙ በደቂቃ ይገለበጣል፤ የማይገለበጠው አድራሻው ነው። መጀመሪያ ላይ ካሉት ሁለት እዝባሮች (//) በኋላ የሚመጣውን ነጠላ እዝባር ፈልጉ፤ እሱ ከሌለ የአድራሻውን መጨረሻ። ወሳኙ ከዚያ በስተግራ፣ ተጠግቶ የተቀመጠው ስም ነው። የዩኒቨርሲቲው ስም ከፊት መኖሩ ምንም አያረጋግጥም። ስልክ ላይ ረጅም አድራሻ ስለሚቆረጥ በኢሜይል በመጣ ሊንክ ሳይሆን ራሳችሁ ባስቀመጣችሁት ቡክማርክ ግቡ። ማኔጀሩ ፓስወርዱን በራሱ ካልሞላ እጃችሁን ሰብስቡ። ዝም ያለው አድራሻው ሌላ ስለሆነበት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ግን ፕሮግራሙ የተበላሸ መስሎት ኮፒ አድርጎ ይለጥፋል፤ በዚያች ቅጽበት ፓስወርዱ ሄደ።

መምህራን በተለይ «የቤተ መጻሕፍት አገልግሎትዎ ሊቋረጥ ነው» የሚለውን ኢሜይል ይጠርጥሩ። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2018 ባቀረበው ክስ መሠረት፣ ዩኒቨርሲቲዎችን ያነጣጠረ አንድ የስርቆት ዘመቻ በማታለያ ኢሜይል ወደ 8,000 የሚጠጉ የፕሮፌሰሮች አካውንቶችን ከፍቶ ነበር።

ያልጠየቁትን ማረጋገጫ ማጽደቅ

ስልካችሁ ላይ «እየገቡ ያሉት እርስዎ ነዎት?» የሚል ጥያቄ ሳትጠብቁት ከመጣ ፓስወርዳችሁ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው። ሰልችቷችሁ አታጽድቁ፤ በ2022 ኡበር የተጠቃው እንዲሁ በተደጋጋሚ በተላከ ጥያቄ ነው። እምቢ በሉና ፓስወርዱን ቀይሩ። ስልኩ በሌለ ጊዜ የሚያስገቧችሁን የመጠባበቂያ ኮዶች ደግሞ በወረቀት አትሙ፤ ስልክ ይጠፋል።

ዋይፋዩ ላይ ሰርተፍኬት አለማረጋገጥ

ኤዱሮም የተባለው፣ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚጠቀሙበት ዋይፋይ ላይ ለመግባት የሚቸገር ተማሪ ጓደኛው «ሰርተፍኬት አታረጋግጥ የሚለውን ምረጥ» ይለዋል፤ ይሠራልም። ሰርተፍኬቱ ግን ዋይፋዩ በእርግጥ የዩኒቨርሲቲው መሆኑን ለስልኩ የሚያረጋግጠው ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ተመሳሳይ ስም ያለውን ማንኛውንም ዋይፋይ ዩኒቨርሲቲው ነው ብሎ ይቀበላል፤ ከፓስወርዱ የተሰላ ምላሽም ይልክለታል። ኤምኤስቻፕ ቪ2 የተባለው ይህ አሠራር ደካማነቱ በ2012 በይፋ ስለታየ፣ ምላሹን የያዘ አጥቂ ጊዜ ወስዶ መስበር ይችላል። ስልኩን አይቲ ክፍሉ ባዘጋጀው መጫኛ ወይም ጌትኤዱሮም በተባለው አፕ አስተካክሉት።

የላብ ኮምፒውተር ላይ ብራውዘሩን መዝጋት ብቻ

ከአንዱ ድረ ገጽ መውጣት ከዋናው መግቢያ አያስወጣችሁም፤ አንዳንድ ብራውዘርም ሲከፈት ያቆመበትን ይመልሳል። ከኮምፒውተሩ ከራሱ ሎግ አውት አድርጉ።

ፓስወርድ ቀይሮ ነገሩ አለቀ ማለት

አካውንታቸው የተዘረፈባቸው ሰዎች ሁለተኛ የሚዘረፉት በዚህ ነው። መጀመሪያ ለውጡን በሌላ፣ ንጹሕ በሆነ ኮምፒውተር አድርጉ፤ ፓስወርዱን የወሰደው ክራክ ከተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ከተደረገ) ሶፍትዌር ጋር የገባ ፕሮግራም ከሆነ አዲሱንም ይወስደዋል። ቀጥሎ የኢሜይሉን ሴቲንግ ከፍታችሁ መልእክት ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ነገር መኖሩን፣ ከዚያም ሩሎቹን፣ ማለትም የመጣውን መልእክት በራሳቸው የሚያዛውሩትን ትእዛዞች፣ አንድ በአንድ እዩ። አጥቂ የሚተወው ሩል ስሙ ብዙ ጊዜ አንዲት ነጥብ ብቻ ናት፤ ሥራው «ፓስወርድ» የሚል ቃል ያለበትን መልእክት ተነቧል ብሎ ማንም ወደማይከፍተው ፎልደር መወርወር ነው። የማስጠንቀቂያው ኢሜይል ያልታያችሁ ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ከሁሉም መሣሪያዎች ውጡ። ለአካውንቱ ፈቃድ የተሰጣቸውን አፖች ፈትሹና የማታውቁትን ሰርዙ፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ ፓስወርድ ሲቀየር ላይቋረጥ ይችላል። የተመዘገበውን ስልክ፣ የመልሶ ማግኛ ኢሜይልና የማረጋገጫ መሣሪያ ዝርዝርም የእናንተ ብቻ መሆኑን አረጋግጡ። በመጨረሻ ለአይቲ ክፍሉ ንገሩ፤ ከየት እንደተገባና ምን እንደተከፈተ የሚያሳየው መዝገብ ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ሀፍረት አይያዛችሁ፤ ዘግይቶ የተነገረ ዝርፊያ በእናንተ ስም ወደ መላው ዲፓርትመንት ኢሜይል ተልኮበት ያድራል።

የቀሩት በአጭሩ

ውጤት እንዲያስገባ ለረዳት መምህር ፓስወርድ አትስጡ፤ ብዙ ሥርዓት ውክልና ይሰጣል፣ እሱን ጠይቁ። ለመመረቂያ ሥራ በጻፋችሁት ኮድ ውስጥ ፓስወርድ ካስገባችሁና ኮድ የሚቀመጥበት ጊትሃብ ላይ ከጫናችሁት መስመሩን መሰረዝ አይበቃም፤ የኮዱ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ስለሚቀር ፓስወርዱን ራሱን ቀይሩ። የግል አካውንቶቻችሁ መልሶ ማግኛ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ከሆነ ከመመረቃችሁ በፊት አውጡት፤ ኢሜይሉ የተዘጋ ዕለት የግል አካውንታችሁን የምታስመልሱበት መንገድም አብሮ ይዘጋል።